ከአርቪድ ጎን ያለው ሣር

ኤልክ ፎርድ፣ ነብራስካ
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1962

ለወይዘሮ ሴልማ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፖስታ ቤት የምትሠራው ቲልዳ የላኪውን ስም ከኔ በፊት አንብባው ኖሮ፣ ስትሰጠኝ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነው የሰጠችኝ። እስክከፍተው ቆማ ጠበቀች። አልከፈትኩላትም። «ሴልማ ሉንድ» ይላል ፖስታው። ሉንድ! ይህን ያህል ዘመን ርቀው ኖረው የባሌን ስም እስከ ዛሬ ይጠሩበታል።

ስለ ጤናዬ ጠይቀውኛል፤ ጉልበቴን ያመኛል። እኔም የእርስዎን ልጠይቅ ይገባኛልና፣ እንደምን አሉ? ሰላምታዬ ይኸው ነው። መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና ስለሆነ ረጅም ሰላምታ ጣቴን ያደክመዋል።

አርቪድ እንዴት እንደሞተ ጠይቀዋል። ከበረት ሲመለስ፣ ማድቤት ደጃፍ ላይ፣ አንዱን ቦቲ አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚነገር የለም፤ ቢኖርም የኔ ነው።

ለቀስተኛው ብዙ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የአሳማ ሥጋና ድንች በየሳህናቸው ይዘው መጡ። ከየሳህኑ ሥር የባለቤቷ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። እርስዎ የዚህ ከተማ ተወላጅ ነዎትና ያውቁታል፤ እዚህ ሰው ሐዘኑን ይረሳል እንጂ ሳህኑን አይረሳም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የመቃብሩ ድንጋይ አለ ወይ ብለዋል። አለ። በአንድ በኩል «አርቪድ»፣ በሌላው በኩል «ሴልማ»፣ ከእርስዎ ስም ሥር የልደት ዓመት፣ ከዚያ ጭረት፣ ከጭረቱ ወዲያ ባዶ። ያ ባዶ ቦታ ሲጠብቅዎት ኖሯል። አርቪድን ከቀበርን በኋላ ድንጋይ ጠራቢውን ሚስተር ኮቻን አስጠራሁት።

«ይህን ስም ፋቅልኝና የኔን ጻፍበት» አልኩት።

«ሴትዮዋ ሞታለች?»

«አልሞተችም። ኦሪገን ናት።»

«እንግዲያው አልነካውም። አባቴ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከድንጋይ ላይ ፍቆ አያውቅም፤ እኔም አልጀምረውም። ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«ትታው ሄዳለች እኮ!»

«ከሰውየው ሄደች እንጂ ከድንጋዩ መች ሄደች?» አለና መዶሻውን በከረጢቱ ከተተ።

በአርቪድ ግራ ወንድሙ ተኝቷል። በቀኙ ያለው ሣር በስምዎ ነው። ከዚያ ሣር ቀጥሎ የሕፃኗ ድንጋይ፣ ግልገል የተቀረጸበት አለ። እኔ ከባሌ ጎን የምተኛበት ሌላ ቦታ የለኝም። ስለዚህ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። «ስሜን አንሺው» ይበሉኝ። ይህን ለመጻፍ ረጅም ትምህርት አያስፈልግም።

ኦርፋ ሉንድ


አስቶሪያ፣ ኦሪገን
ማርች 3 ቀን 1962

ለተከበሩ ወይዘሮ ኦርፋ፣

መልስዎ ሲደርሰኝ ወንዙ ዳር ካለችው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ስለ ቦቲው ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሁልጊዜ ቀኙን ነበር አስቀድሞ የሚያወልቀው። ይቅርታ፤ ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን በቀለም ጽፌዋለሁና ልሰርዘው አልወደድኩም።

ስለ ስሙም ይቅር ይበሉኝ። ሉንድ እንደተባልኩ የቀረሁት ለእሱ ብዬ አይደለም። ልጄ ኢንጋ የተቀበረችው በዚያ ስም ነው። እናትና ልጅ በሁለት ስም ከተጠራን በመጨረሻው ቀን ማን ያገናኘናል የሚል የሞኝ ፍርሃት ያዘኝ።

የጠየቁኝን ቃል ዛሬ አልሰጥዎትም። እምቢ ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር እስኪለይልኝ ነው፤ ነገሩን ለመጻፍ ደግሞ ገና ድፍረቱ የለኝም። ይታገሡኝ።

እስከዚያው ስለ ከተማው ትንሽ ቢነግሩኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ከናይክዊስት ሱቅ ፊት ለፊት ያለው የውኃ ፓምፕ አሁንም ይጮሃል? ጉድጓዱን የቆፈረው አያቴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆንጆ መስለን ለመታየት ከሱ ሥር እንሰለፍ ነበር። ደወሉስ? ከመሰንጠቁ የተነሣ ቆርቆሮ የሚመታ ይመስል ነበር። ባቡሩስ ከእህል ጎተራው ሥር ይቆማል?

ደግሞ አንድ ነገር። የአጎቴ ልጅ በጻፈችልኝ ቁጥር፣ በየግንቦቱ በመቃብር አበባ ቀን ከግልገሏ ድንጋይ ሥር ፒዮኒ አበባ እንደሚታይ ትነግረኛለች። አርቪድ አበባ የሚተክል ሰው አልነበረም። ማነው?

አክባሪዎ
ሴልማ


ኤልክ ፎርድ
ማርች 20 ቀን 1962

ሴልማ፣

ከእንግዲህ አንቺ እልሻለሁ። በአንድ ባል ያለፉ ጣውንቶች መተካበር አያምርባቸውም።

ፓምፑ የለም። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኖ ላዩ ላይ የባንዲራ እንጨት ቆሟል። ደወሉ እንደተሰነጠቀ ነው። ባቡር ከመጣ ቆይቷል፤ በሐዲዱ መሃል የሱፍ አበባ በቅሏል፤ እህሉን መኪና ነው የሚወስደው። ባንኩ ድርቁና የአቧራው ማዕበል አገር ባጠፋበት ዘመን ተዘጋ፤ ዛሬ ጸጉር ይቆረጥበታል። ትምህርት ቤቱ ባለፈው ዓመት ከጎረቤት ከተማ ጋር ስለተቀላቀለ፣ ልጆቻችን ጠዋት በቢጫ አውቶቡስ ተጭነው ይሄዱና ማታ የሌላ ከተማ መዝሙር እየዘመሩ ይመለሳሉ። ደስ አለሽ? አንቺ ያየሽው ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ለኔ የተረፈኝ ሲፈርስ ማየት ነው።

እኔ እዚህ የመጣሁት ከሚዙሪ ኮረብታ፣ ከስንዴ ወቂዎች ጋር፣ በወጥ ቤት ጋሪ ላይ ሆኜ ነው። አርቪድ ለወቂዎቹ ያወጣሁትን ቂጣ በላና በመኸሩ መጨረሻ አገባኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አርጅቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን «የሚዙሪዋ ሴትዮ» ነኝ። አንቺ ጥለሽው ሄደሽ «የኛ ሴልማ» ነሽ። ባለፈው ሐሙስ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ሲሰፉ አንዷ «በመዝሙር የሴልማን ድምፅ የመሰለ ከዚያ ወዲህ አልሰማንም» አለች። ሌላዋ «ዝም በይ! እዚህ ናት እኮ» ብላ ጎሸመቻት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጆሮዬ ደኅና ነው» አልኩና መርፌዬን ቀጠልኩ።

ፒዮኒውን ማን ተከለው አልሽ። እኔ ነኝ።

ስሚ እንግዲህ። ስመጣ ፊደል አላውቅም ነበር። አርቪድ ሚስት እንደነበረችውና እንደሄደች ነገረኝ፤ ስምሽን ግን አንድም ቀን አልጠራም። ሰዉም «የፊተኛዋ» እያለ ነው የሚያልፈው። በኤልክ ፎርድ ጨዋነት ማለት ዝም ማለት ነው። በመጀመሪያው የመቃብር አበባ ቀን ድንጋዩንና ስሙን ሲያሳየኝ «ከስምህ አጠገብ ያለው የማነው?» አልኩት። «የእናቴ» አለኝ።

አመንኩት። አማቴ ናት ብዬ፣ በየዓመቱ በሶዳና በብሩሽ አጠብኩልሽ። በፊደሎቹ ውስጥ የገባውን የድንጋይ ሽበት በሹካ ጫፍ ፈለቀቅሁልሽ። ፒዮኒውን ከሚዙሪ ሥሩን አስመጥቼ ተከልኩልሽ። ሴቶቹ ከየዘመዶቻቸው ድንጋይ ሥር ተንበርክከው ሲያዩኝ ኖሩ። አንዷ እንኳ «አንቺ ሴት፣ የማንን ስም ነው የምታጥቢው?» አላለችኝም።

ኋላ የአርቪድ ዓይን ደከመና የእርሻ ጋዜጣውን የሚያነብለት ሰው አስፈለገው። ጡረታ የወጣችው መምህርት ሃቲ ግሪር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አንድ ክረምት ሙሉ አስተማረችኝ። በቤት መጽሐፍ ቅዱሱ የፊት ገጽ ላይ የአማቴ ስም ብሪታ መሆኑን አነበብኩ። ነገሩ ግን አልገናኘልኝም፤ የመቃብሩ ፊደል ለኔ ፊደል ሳይሆን የሚታጠብ ነገር ነበር። የዚያን ግንቦት ብሩሼን ይዤ ተንበረከክሁ። ሴ። ል። ማ። እጄ ቆመ። ቀና አልኩ። ዙሪያዬን ያሉት ሴቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ አበባቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ሁሉም እንደሚያውቁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤት ገብቼ «አርቪድ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ስም የማነው?» አልኩት።

«ጥሩ ግራናይት ነው» አለ።

«ስሙን ነው የጠየቅሁህ።»

«ከሚኒሶታ ነው የመጣው» አለ። ተወልዶ እስኪሞት በዚህ ነገር ላይ የተናገረው ይኸው ነው።

ስለዚህ «ታገሺኝ» አትበይኝ። ታግሻለሁ። ቃሉን ላኪልኝ።

ኦርፋ


ኤልክ ፎርድ
ሜይ 2 ቀን 1962

ሴልማ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ኢንጋ ስለታመመችበት ሳምንት የጻፍሽውን አንዴ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ሁለተኛ አላነበውም። ከዕቃ ማስቀመጫው ላይኛው መደርደሪያ፣ ወንበር ላይ ሳልወጣ የማልደርስበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

በቀበራችኋት ማግሥት አርቪድ ፈረስ ጠምዶ ለማረስ መውጣቱን አምናለሁ። «ይህን ይቅር ማለት ቢያቅተኝ ክፉ ሴት ነኝ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ጎረቤት ሁሉ በሚያዳምጠው በጋራው የስልክ መስመር ላይማ ጉንፋን መያዝሽን እንኳ ብትናገሪ ከተማው በሙሉ ማር ይዞ ይመጣል።

እኔም ነበሩኝ። የኔዎቹ ለመወለድ አልደረሱም። በመጀመሪያዋ ጊዜ አርቪድ አልጋው አጠገብ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና «አሳማዎቹ አልበሉም» ብሎ ወጣ። በሌሎቹም ጊዜ እንዲሁ። ጠልቶ አይደለም። ሥራ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር።

አየሽ፣ እዚህ ላይ ገባኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ያንቺዋ ስም አላት። ድንጋይ አላት፤ ከላይዋ ግልገል ተኝቷል። «ልጄ የት ናት?» ብትይ ሰው ጣቱን ቀስሮ ያሳይሻል። እኔ በሐዘንሽ እንኳ ቀናሁብሽ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምትጽፊለት።

ጽሕፈትሽ ለምን ተንቀጠቀጠ? የፊተኛው ደብዳቤሽ እንደ መምህርት ሃቲ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነበር። ይኸኛው ከኔም ይብሳል። ያልነገርሽኝ ነገር አለ።

ቃሉን አሁንም እጠብቃለሁ።

ኦርፋ


አስቶሪያ
ጁን 10 ቀን 1962

ውድ ኦርፋ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ስለ እጄ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ ብዙ ሳምንት አለፈ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። የሚመጣውን ክረምት አያለሁ ወይ ብዬ ስጠይቀው ስለ ዓሣ ማጥመድ ያወራልኛል። ይኸው ነው መልሱ።

እስኪለይልኝ ያልኩሽ ነገር ይህ ነበር። አሁን ለይቶልኛል፤ ስለዚህ ቃልሽን ውሰጂ። ስሜን አንሺው። ይህን ወረቀት ለሚስተር ኮቻ አሳዪው፤ አባቱን አውቀዋለሁ፤ ልጁም እንደሱ ግትር ከሆነ ጽሕፈቴን ሳያይ አያምንም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ከአርቪድ ጎን መተኛት አንድ ቀን አላማረኝም። ያንን ሣር ያልለቀቅሁት ከኢንጋ ጎን ስለሆነ ብቻ ነው። አሁን እዚህ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ቦታ ያዝኩ። ለሁለት ይበቃል። ቀብር አስፈጻሚዎቹ በበጋው ሰው ልከው ትንሿን ሣጥን ያወጡልኛል፤ የግልገሏንም ድንጋይ ጭምር። ያን ጊዜ ማንም ከማንም ጋር አይጋፋም። አርቪድ ላንቺ፣ ኢንጋ ለኔ። ይህን ከጥንቱ ባደርገው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተናደድሽ ነበር።

ደስ እንደሚልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። በሰው ደስታ መሃል ስሜ እስከ ዛሬ ስለቆመ ይቅር በይኝ።

ሴልማ


ኤልክ ፎርድ
ጁን 16 ቀን 1962

ሴልማ፣

አይሆንም።

ሰው እንዳትልኪ። ቢመጣ የቀብር ቦታውን በር ዘግቼ አካፋዬን ይዤ መቃብሩ ላይ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ቢያመኝም መቀመጥ እችላለሁ።

ወረቀትሽ ሲደርሰኝ እየሮጥኩ ወደ ኮቻ ልሄድ ኮቴን ለብሼ ነበር። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። መንገዴ በመቃብሩ በኩል ነውና ቆምኩ። ግልገሏ እዚያው አለች። ግራ ጆሮዋ የለም፤ አንቺ ስትሄጂ ነበራት። በረዶ በጣለበት ዓመት ነው የተሰበረው፤ ስንዴውን ሁሉ ከምድር ያጋደመው በረዶ። አርቪድ ወደ ማሳው ሮጠ፣ እኔ ወደዚህ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አትጠይቂኝ። በሽርጤ ሸፈንኳት፤ ጆሮዋ ግን አስቀድሞ ሄዷል። ቁራጩ ከስኳር ዕቃዬ አጠገብ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አሮጌ ብርድ ልብስ ይዤ እወጣለሁ። ሰው እብድ ይለኛል፤ ይበል።

ድንጋዩን አንብቤ ያንቺን ስም ከጠላሁት በኋላ እንኳ ፒዮኒውን መንከባከብ አላቆምኩም። በአንቺ በኩል ያለውን ነቅዬ ጣልኩት፤ በደስታ ነው የነቀልኩት። በሷ በኩል ያለውን ግን አልነካሁም። ለኔዎቹ ልላቸው የነበረውን ሁሉ ለሷ ነው ያልኩት። አንቺ ስምሽን ሰጠሻት። አንቺ እሷን ታውቂያታለሽ፤ እኔ ድንጋይዋን ብቻ ነው የማውቀው። ግን ድንጋይዋን ካንቺ የበለጠ አውቀዋለሁ! አንቺ ምጧን ይዘሽ ሄድሽ፤ ማጠቡ ለኔ ቀረ። አሁን ደግሞ እሷንም በጭነት መኪና ልትወስጂብኝ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ወረቀቱን ለቅቄዋለሁ፤ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሚስተር ኮቻ አላየውም። ስምሽ ይቆይ።

ከኮቻ ይልቅ የመቃብሩን ኃላፊ ሚስተር ፔትሪን ሱቁ ሄጄ አገኘሁት። ከኢንጋ ወዲያ፣ ከአጥሩ በፊት ያለው ሣር የማን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የማንም አይደለም። ሣር የምናጭድበት ማሽን የሚዞርበት ነው» አለ።

«ማሽኑ ሌላ ቦታ ይዙር። እኔ እዚያ ነው የምተኛው።»

መነጽሩን አወለቀ። «ኦርፋ፣ ከባልሽ ተለይተሽ? ሁለት ቦታ ርቀሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው በዚህ ከተማ መቼ ተናግሮ ያውቃል?» አልኩት።

ቀልቶ፣ ቀልቶ፣ ከመደርደሪያው ላይ ምስማር መቁጠር ጀመረ። ኋላ ግን ቦታውን ሰጠኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ከወንድሙ ቀጥሎ አርቪድ፣ ከሱ ቀጥሎ አንቺ፣ ካንቺ ቀጥሎ ኢንጋ፣ ከኢንጋ ወዲያ እኔ። አርቪድን ውሰጂው። ማንኮራፋቱን ረስተሽው ይሆናል፤ ያስታውስሻል። ይህን የምልሽ ደግ ሆኜ አይደለም። ዛሬም ስምሽን ከስሙ ጎን ሳየው ሆዴ ይቃጠላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይዤ ማልቀስ አልችልም፤ አንዱን መረጥኩ።

ኮረብታሽን መልሺ። ወንዝ ለማየት ዓይን ያስፈልጋል፤ እዚያ ምን ያደርግልሻል?

ኦርፋ


ኤልክ ፎርድ
ሜይ 8 ቀን 1963

ሴልማ፣

ክረምቱን አለፍሽው። ሐኪምሽ ስለ ዓሣ እንጂ ስለ ሰው እንደማያውቅ ነግሬሽ ነበር።

«ብመጣ ታስገቢኛለሽ?» ብለሻል። ቤቱ የኔ ነው፤ ደጁ ያስገባል። አውቶቡሱ ከዋናው መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆማል። የፔትሪ ልጅ በመኪና ያመጣሻል። መንገድ ሙሉ ይለፈልፋል፤ ስለኔ የሚነግርሽን ግማሹን እመኚ። መጽሐፍ ቅዱሱ ባለበት ክፍል ትተኛለሽ። የአርቪድን ወንበር ግን አልሰጥሽም፤ እኔ ነኝ የምቀመጥበት።

ሴቶቹ መምጣትሽን ሰምተው አብደዋል። ማኅበሩ በሙሉ ኬክ እየጋገረ ነው። ቲልዳ «ሴልማ በመቃብር አበባ ቀን ትዘምርልናለች?» አለችኝ። «ከታመመ ሰው ዘፈን አይለመንም» አልኳት። ከፈለግሽ ግን ዘምሪ። ሲያወሩልኝ ኖረዋል፤ እኔም ልስማውና ይለይልኝ።

ሚስተር ኮቻ ለኔ ትንሽ ድንጋይ ጠርቧል። ከሚኒሶታ አይደለም። ስሜን በገዛ እጄ በወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና «ፊደሉ ጠመም ጠመም ብሏል። ላቃናው?» አለኝ።

«እንደጻፍኩት ቅረጸው» አልኩት።

ቀረጸው። «ኦርፋ ሉንድ»፣ ከሥሩ ዓመት፣ ከዓመቱ ወዲያ ጭረት፣ ከጭረቱ ወዲያ ባዶ። ልክ እንዳንቺ። ማንም ቢመጣ ማንበብ ይችላል።

የመቃብር አበባ ቀን ጠዋት ሁለታችንም እንሄዳለን። ሶዳና ብሩሹን እኔ እይዛለሁ። የስምሽን ፊደሎች ዘንድሮ ራስሽ እጠቢያቸው፤ እኔ በቅቶኛል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይየን። እስኪ ያኔ ምን እንደሚያስተካክሉ እናያለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኦሪገን አበባ ይበዛል ይላሉ። ከዚያ ተሸክመሽ፣ ከየጣቢያውም ገዝተሽ እንዳትመጪ። የፒዮኒዎቹን እምቡጦች ጉንዳን ወርሷቸዋል፤ ይህ ደግሞ ሊፈነዱ ሲሉ የሚያሳዩት ምልክት ነው፤ ለቀኑ ይደርሳሉ።

ባዶ እጅሽን ነይ። አበባው የኔ ነው።

ኦርፋ